የግቢ ጠብ በሽማግሌ ሲያልቅ እርቁን በወረቀት እንዴት ማጽናት ይቻላል?

መሃል አዲስ አበባ፣ የድሮ ግቢ ውስጥ የኖረ ሰው ጠቡን ያውቀዋል። ጎረቤት ማድ ቤቱን በአንድ ቆርቆሮ ወደ መተላለፊያው ገፋ ያደርጋል። የጣራው ውሃ የሌላው ግድግዳ ላይ ይወርዳል። የጋራ ሽንት ቤቱ ይቆለፍና ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ያድራል። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ይባላል። ክረምት ሲገባ ያው ጠብ ከነቆርቆሮው ይመለሳል።

ድሮ እርቁን ጠብቆ የሚያቆየው እድሩ ነበር። ሽማግሌ ያሉትን የረገጠ ሰው፣ ነገ ሐዘን ቢደርስበት ድንኳን የሚተክሉለት እነዚያው ሰዎች ናቸውና ይሉኝታ ይይዘዋል። ከ2016 ወዲህ ግን በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንቺስ ብዙ ሰው ተነስቶ ወደ ከተማው ዳር ሄዷል። ያስታረቁን ሽማግሌ ራሳቸው ዛሬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ይሆናሉ። ስለዚህ እርቁ ሰዎቹ ባይኖሩም የሚቆም መሆን አለበት።

መጀመሪያ፦ ጠቡ በምን ላይ እንደሆነ ይለዩ

«መሬቱ የማነው?» የሚለው ጥያቄ ለሽማግሌ አይቀርብም። ከአዋጅ ቁጥር 47/1967 ጀምሮ የከተማ መሬት የመንግሥት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 40 ላይ መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ነው ይላል። የግልግል ዳኝነትንና የእርቅን አሠራር የሚመራው አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ደግሞ ሊዝን ጨምሮ የመሬት ጉዳይ በግልግል ዳኝነት እንዳይታይ ከልክሏል።

ለሽማግሌ የሚቀረው ግን ትንሽ አይደለም። በየት በኩል እንለፍ፣ ውሃው ወዴት ይውረድ፣ የበሩ ቁልፍ ማን ዘንድ ይሁን፣ የእንጀራ ምጣዱ ጭስ የማንን መስኮት ይምታ፦ ይሄ ሁሉ የእነሱ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ቢሆን ቁጥር 1225 ላይ ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ጭስ፣ መጥፎ ሽታና ጩኸት ጎረቤት ላይ እንዳይለቀቅ ያዛል። ሽማግሌዎቹ ይህን ቁጥር ባያውቁትም ፍርዳቸው እዚያው ይደርሳል።

ከመቀመጣችሁ በፊት ወረቀት ይውጣ። ካርታ ያለው ካርታውን፣ የቀበሌ ቤት ተከራይ የኪራይ ውሉንና ደረሰኙን ይያዝ። የቀበሌ ቤት ተከራይ የራሱ ያልሆነውን ቆርሶ መስጠት አይችልም። «ይቺን ጥግ ለእሷ ለቅቄያለሁ» የሚል እርቅ ቤቱን የሚያስተዳድረውን አካል አያስገድድም። አጠቃቀሙን ብቻ ተስማሙ።

ሁለተኛ፦ ቀኑን ልብ ይበሉ

ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ይዞታው የተነጠቀበት ወይም ሁከት የተፈጠረበት ሰው በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149 መሠረት «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ መክሰስ ይችላል። የሚችለው ግን ድርጊቱ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ካለፈ በይርጋ ይቀራል።

ብልጥ ጎረቤት ይህን ያውቅበታል። «ከፋሲካ በኋላ እንቀመጥ» ይላል። ከዚያ ፍልሰታ ይገባል። ከዚያ ልጁ ሊድር ነው። ቆርቆሮው በተመታበት ሰሞን ፎቶ አንሱ፣ ቀኑን ጻፉ። ቀጠሮው እየተንዛዛ ዓመት ካለፈው ደግሞ ሕግ አዋቂ ማማከር ነው። ክስ መክፈት ሽምግልናን አያስቀርም። በኋላ እንደምናየው እንዲያውም ሊያግዝ ይችላል።

ሦስተኛ፦ ሽማግሌ መምረጥ

ቁጥሩ ጎዶሎ ቢሆን ይሻላል፣ ሦስት ወይም አምስት። ሁለቱም ወገን የየራሱን ይመርጣል፤ ሰብሳቢውን የተመረጡት ይጨምራሉ። የእድሩ ዳኛ ቢገኙ ጥሩ ነው፣ ጸሐፊውም ቢመጡ እሰየው፤ ቢያንስ ብዕር መያዝ ለምደዋል። አንዲት እናት መኖራቸው ደግሞ ለይስሙላ መሆን የለበትም። የማድ ቤትና የሽንት ቤት ጠብ ላይ ከማንም በላይ ጉዳዩን የሚያውቁት ሴቶቹ ናቸው፤ ካባ የደረበ ወንድ ብቻ ሰብስቦ ስለ ምጣድ መፍረድ አይገባኝም።

ሲጠሯቸው ነገሩን አይዘርግፉላቸው። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነበር። ከእትዬ ጋር በመተላለፊያዋ ነገር አልተግባባንም። እርስዎ ቢጠሩን እሳቸውም እምቢ አይሉም።» ይበቃል። የአንድ ወገን ወሬ ጠግቦ የመጣ ሽማግሌ፣ ሌላኛው ዘንድ ገና ሳይቀመጥ የተገዛ ነው የሚባለው።

አራተኛ፦ ቦታው ላይ መቀመጥ

ሳሎን ውስጥ ሆኖ ስለ ግድግዳ ማውራት ነገር ያረዝማል። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ግቢውን ይዙሩ፤ ሜትር ይያዝ። አብዛኛው የስፋት ጠብ ሜትር ሲዘረጋ ግማሹ ይበርዳል። ስድብም ከነበረ አብሮ ይነሳና ይቅር ይባባሉ፤ ስድብን የመሰለ በአቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ነገር በእርቅ ሊያልቅ ይችላል። ሰው ተፈንክቶ ወይም ተሰብሮ ከሆነ ግን እርቁ ቂሙን ያወጣል እንጂ የወንጀሉን ክስ ላያስቀር ይችላል። ሽማግሌዎች «ከእንግዲህ ፖሊስ ጋ አትሂዱ» ብለው ሊያስምሉ አይገባም።

አምስተኛ፦ መጻፍ

ዋናው ይሄ ነው። የአብዛኛው የእርቅ ወረቀት ይዘት ይህን ይመስላል፦ «ከዛሬ ጀምሮ በሰላምና በፍቅር ለመኖር ተስማምተናል። ይህ ውል በፍ/ብ/ሕ/ቁ 1731 እና 2005 መሠረት የጸና ነው።» «ፍ/ብ/ሕ/ቁ» የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር ማለት ነው፤ ከዚህ በታች «ቁጥር» ብቻ ብዬ የምጠቅሳቸውም የዚያው ሕግ ናቸው። ቁጥሮቹ ልክ ናቸው። 1731 ውል በተዋዋዮች ላይ ሕግ ነው ይላል፣ 2005 ስለ ጽሑፍ ማስረጃ ነው። ግን ምኑ ነው የጸናው? ፍቅርን ዳኛ አያስፈጽምም።

እንዲህ ቢጻፍስ?

«ከውጭ በር እስከ ሽንት ቤቱ ያለው መተላለፊያ ስፋቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ሁለታችንም ልንጠቀምበት ተስማምተናል። አንደኛ ተዋዋይ ወደ መተላለፊያው የወጣውን የማድ ቤት ቆርቆሮ እስከ ሰኔ 1 ቀን በራሳቸው ወጪ ያነሳሉ። የጣራቸውንም ውሃ በአሸንዳ ወደ ግቢው ቦይ ያወርዳሉ። ሁለተኛ ተዋዋይ የሽንት ቤቱን ቁልፍ አንድ ቅጂ ዛሬ አስረክበዋል።»

ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ፣ በማን ወጪ። ከዚያ መቀጫ ይጨመር። በቁጥር 1889 ተዋዋዮች ውሉን ያላከበረ የሚከፍለውን ገንዘብ አስቀድመው መወሰን ይችላሉ። በሽምግልና ወግ ዋስ ይጠራ የለ? ዋሱም ስሙን ጽፎ ይፈርም። የቤት ቁጥርና ወረዳ አይረሳ፤ ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ።

ስድስተኛ፦ ፊርማና አሻራ

በጽሑፍ የተደረገ ውል የተዋዋዮቹ ፊርማና የሁለት ምስክሮች ፊርማ ያስፈልገዋል፣ ቁጥር 1727። ሽማግሌዎቹ በምስክርነት ይፈርማሉ።

የድሮ ግቢ ሲሆን አንድ ነገር ይመጣል። እማማ ማንበብና መጻፍ አይችሉም፣ ስለዚህ አውራ ጣታቸውን ቀለም ይነክሩና ወረቀቱ ላይ ያሳርፋሉ። ሁሉም ሰው በዚህ አለቀ ብሎ ይሄዳል። አላለቀም። በቁጥር 1728 ማየት የተሳነው ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ፊርማም ሆነ አሻራ፣ ውል የሚያረጋግጥ ሹም ወይም ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ ሰውየውን አያስገድደውም። ከዓመት በኋላ ልጃቸው «እናቴ ምን እንደፈረመች አታውቅም» ቢል ሕጉ ከእሱ ጋር ነው። መፍትሔው ሰነዶች ማረጋገጫ መሄድ ነው። ዋናውን መታወቂያ ይዛችሁ፣ ሁላችሁም በአካል። እማማ መሄድ ካቃታቸው ታክሲ ጥሩላቸው፤ የታክሲው ሂሳብ ከክርክር ወጪ ያንሳል።

እርቁ ባለካርታ ቤት ላይ እንደ ማለፊያ ያለ መብት የሚሰጥ ከሆነም ማንበብ ለሚችል ሰው ቢሆን እዚያው ይመዝገብ። የማይንቀሳቀስ ንብረት መብት የሚነካ ውል መመዝገብ እንዳለበት ቁጥር 1723 ይናገራል።

ክሱ ቀድሞ ከተከፈተ

መዝገቡ ፍርድ ቤት ካለ መንገዱ ያጥራል። የእርቁን ጽሑፍ ለዳኛው አቅርባችሁ እንዲመዘገብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ፍርድ ቤቱ እርቁ ሕግና ሞራል አይነካም ብሎ ሲቀበለው እንደ ፍርድ ይፈጸማል። በፌደራል ፍርድ ቤቶች ደግሞ ከ2013ቱ አዋጅ ቁጥር 1234 ወዲህ ፍርድ ቤት መር አስማሚነት፣ ማለትም በፍርድ ቤቱ ሥር ባለ አስማሚ ባለጉዳዮችን የማስማማት አሠራር፣ አለ። የቤት ሽማግሌ ያቃተውን ጠብ እዚያ መሞከር ይቻላል።

ወረቀቱ ተይዞ ጎረቤት ቢያፈርስ

በሚቀጥለው ክረምት ቆርቆሮው ቢመለስ እንደገና ሽማግሌ አትሰብስቡ። ቁጥር 3312 በትክክል የተደረገን የእርቅ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጥረዋል። የድሮውን ጠብ ከሥሩ መቆፈር የለም። የምትጠይቁት ውሉ እንዲፈጸምና መቀጫው እንዲከፈል ነው። ለዚህ ዋናው ቅጂ እጃችሁ ላይ ይኑር፤ አንዱ ደግሞ ሰብሳቢው ሽማግሌ ዘንድ ይቀመጥ፣ የዛሬ አድራሻቸውንም ስልካቸውንም ይዛችሁ።