የሊት ዴቨሎፐር ሲደክም፦ ችግርና መፍትሄ

በሊት፣ ማለትም ወረቀቱን በቀጠነ ዴቨሎፐር (ምስሉን በሚያወጣው ኬሚካል) ቀስ አድርጎ በማጠብ ዘዴ፣ ፎቶ ስታጥቡ ያገለገለውን ዴቨሎፐር አትድፉት። ለፎቶው ሞቅ ያለ ቀለም የሚያመጣው ያ ቡናማ ውሃ ነው። ፒያሳ አካባቢ ጨለማ ክፍል ውስጥ ለምትሠሩ፣ በብዛት የሚያጋጥመው ይኸው።

ቀለሙ ግራጫ ሆነ
ዴቨሎፐሩ ገና አዲስ ነው። በ1 ሊትር አዲስ ላይ 200 ሚሊ ሊትር ያህል አሮጌ ጨምሩበት። ካነሰ በሚቀጥለው ከፍ አድርጉት።

ጥቁሩ አልመጣ አለ
መጀመሪያ ሙቀቱን ለኩ። የሊት ዴቨሎፐር ጉልበቱ ሃይድሮኪኖን የሚባለው ኬሚካል ነው፤ እሱ ደግሞ ብርድ አይወድም። ከ12 ዲግሪ በታች ሥራ አቆመ ማለት ይቻላል። በክረምት ማታ የአዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ታውቁታላችሁ። ትሪውን ለብ ያለ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጡት።

ሙቀቱ ደህና ሆኖም ከዘገየ ዴቨሎፐሩ ደክሟል። እያንዳንዱ ወረቀት ሃይድሮኪኖኑን ይበላል፣ ሥራውን የሚያዘገይ ብሮማይድ ይተዋል፤ አየሩም የራሱን ይወስዳል። ከትሪው ትንሽ ቀንሱና ዴቨሎፐሩ ከሚቀላቀልባቸው ሁለት ፈሳሾች፣ ከኤ እና ከቢ፣ እኩል ጨምሩ፤ ለ1 ሊትር ከእያንዳንዱ በ10 ሚሊ ሊትር ጀምሩ። ወረቀት ውስጡ እያለ ግን በፍጹም አትጨምሩ፣ ይዥጎረጎራል። ቢ ቆዳ ስለሚያቃጥል ጓንት አድርጉ።

ሁለት ፎቶ አንድ አይነት አልወጣም
ሰዓት አትመኑ። ጥቁሩ አንዴ ከጀመረ ራሱን እያፋጠነ ይሄዳል፤ ጥቂት ሰከንድ ፎቶውን ይለውጠዋል። አንድ ጥላ ምረጡና በቀይ መብራት እሱን ብቻ ተከታተሉ። የምኒልክ አደባባይን ሐውልት ካነሳችሁ፣ በፈረሱ ሆድ ስር ያለውን ጥላ ያዙ። መጀመሪያ ቡናማ ነው፤ ከዚያ ከመሃሉ መጥቆር ይጀምራል። የምትፈልጉት ጥቁር ላይ ሲደርስ ወዲያው የዴቨሎፐሩን ሥራ ወደሚያቆመው ፈሳሽ፣ ወደ ስቶፕ ባዝ። ዴቨሎፐሩ እያረጀ ሲሄድ ይህ ሰዓት ይረዝማል፤ የመተኪያ ጊዜ መድረሱን የሚነግራችሁም እሱ ነው።

ፎቶው ላይ ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰ ይመስላል
ዴቨሎፐሩን ከመበላሸት የሚጠብቀው ሰልፋይት አልቋል። ቁንጥር ሶዲየም ሰልፋይት ጨምሩ። ከበዛ ግን የሊት መልኩ ይጠፋል፤ እኔ ግማሹን ደፍቶ በአዲስ መተካቱን እመርጣለሁ።

ያስቀመጥኩት ሞተ
አየር ገብቶበታል። ጠርሙሱን እስከ አፉ ሙሉትና ጥብቅ አድርጋችሁ ክደኑት። በሃይላንድ ካስቀመጣችሁ የውሃውን ወረቀት ላጡና «መርዝ» ብላችሁ በትልቁ ጻፉበት፤ ልጆች ከማይደርሱበት አኑሩት።