የሰፋሪ ቅድመ አያትን ከመሬት መዝገብ ውስጥ መፈለግ

ባለቤቴ የኦማሃ ልጅ ናት። የእናቷ ወገኖች በአሜሪካ ነብራስካ ስቴት፣ ቼሪ ካውንቲ፣ ዴዊቲ በተባለችው የጥቁር አሜሪካውያን መንደር መሬት ይዘው የኖሩ ሰዎች ናቸው። ልጆቼ በእኔ በኩል እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ በእናታቸው በኩል ሦስተኛው ላይ መቆማቸው አላስችል ስላለኝ ፍለጋውን ያዝኩት። እናንተም ከሰፋሪ ቤተሰብ ጋር ተጋብታችሁ ከሆነ መንገዱ ይኸውላችሁ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድማችሁ ሕጉን እወቁ። በ1862 አብርሃም ሊንከን የፈረሙት የሆምስቴድ ሕግ 160 ኤከር ይሰጥ ነበር፤ በእኛ አለካክ ከአንድ ጋሻ ተኩል በላይ ማለት ነው። ሰፋሪው አምስት ዓመት ኖሮበት፣ ቤት ሠርቶ፣ አርሶ ማሳየት ነበረበት። በ1904 የወጣው የኪንኬይድ ሕግ ደግሞ በነብራስካ አሸዋማ ኮረብታዎች እስከ 640 ኤከር ፈቀደ፤ የዴዊቲ ሰዎች ከ1907 ጀምሮ የሰፈሩት በዚህ ነው። ያላገባች፣ የፈታች ወይም ባሏ የሞተባት ሴትም በስሟ መያዝ ትችል ነበር። ስለዚህ ሽማግሌዎችን ስትጠይቁ የሴት አያቶችን ከጋብቻ በፊት የነበረ ስም አትርሱ። ስም፣ ካውንቲና ግምታዊ ዘመን ከያዛችሁ ለመጀመር በቂ ነው።

ከዚያ የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ወዳዘጋጀው የጄኔራል ላንድ ኦፊስ መዛግብት ድረ ገጽ ግቡ። ክፍያ የለውም። ስቴቱንና የቤተሰቡን ስም ብቻ ሙሉ፤ የመጀመሪያውን ስም ባዶ ተዉት፤ ጸሐፊዎቹ ስም እንደ ሰሙት ነበር የሚጽፉት። ሰውየው ከተገኘ የባለቤትነት ማረጋገጫው ምስል ይከፈታል። ግርጌው ላይ ያለው የፕሬዚዳንት ስም የፕሬዚዳንቱ የእጅ ጽሑፍ አይደለም፤ ከ1833 ወዲህ ጸሐፊ ነው የሚፈርምላቸው። ቀኑም ሰፋሪው የመጣበት ሳይሆን ግዴታውን ጨርሶ ወረቀቱ የወጣለት ቀን ነው፤ መምጫውን ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ፈልጉ።

ከወረቀቱ ላይ መሬቱ በልኬቱ የት እንዳለ የሚያሳዩትን ታውንሺፕ፣ ሬንጅ እና ሴክሽን የሚሉትን ቁጥሮች ቅዱ። አንድ ታውንሺፕ በ36 ሴክሽን የተከፈለ ሲሆን አንዱ ሴክሽን 640 ኤከር ነው። አሁን ስሙን አጥፍታችሁ በእነዚህ ቁጥሮች ብቻ እንደገና ፈልጉ፤ ጎረቤቶቹ ሁሉ ይወጣሉ። ይህን እርምጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የምመክረው እሱን ነው። ሰው ብቻውን አይሰፍርም፤ አማቹ፣ ወንድሙ፣ የቤተ ክርስቲያን ባልንጀራው አጥር ለአጥር ናቸው።

ማረጋገጫው ግን በር ብቻ ነው። ቤቱ ያለው ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት በተቀመጠው የማመልከቻ ፋይል ውስጥ ነው። ፋይሉን ለማዘዝ ቁጥሩንና የመሬት ጽሕፈት ቤቱን ስም፣ ለምሳሌ ቫለንታይን፣ ከማረጋገጫው ላይ ውሰዱ። ብዙ የነብራስካ ፋይሎች በኮምፒውተር ስለሚገኙ ፎልድ ስሪ ወይም አንሴስትሪ በተባሉት የዘር ፍለጋ ድረ ገጾች አስቀድማችሁ ሞክሩ። በእኛ ፋይል ውስጥ የባለቤቴ ቅድመ አያት በቃለ መሐላ ሲመልሱ ይነበባል። ቤታቸው የሣር ሥር ጠፍንጎ የያዘውን አፈር እንደ ጡብ እየቆረጡ የገነቡት፣ አንድ በርና ሁለት መስኮት ያለው ነው። የውኃ ጉድጓድ ቆፍረዋል፣ የሽቦ አጥር አጥረዋል፣ በቆሎ ዘርተዋል። «ከመሬቱ ተለይተው ያውቃሉ?» ሲባሉ ገንዘብ ለማግኘት ክረምቱን በባቡር ሐዲድ ሥራ ማሳለፋቸውን፣ ሚስታቸውና ልጆቻቸው ግን እዚያው መቆየታቸውን ይናገራሉ። ከሁለቱ ምስክሮች አንዱ የሚስታቸው ወንድም ነው። የ1890 የሕዝብ ቆጠራ ከ1921ቱ ቃጠሎ በኋላ በአብዛኛው ስለጠፋ፣ ለዚያ ዘመን ሰፋሪዎች እንዲህ ያለ ምስክርነት ወርቅ ነው።

ሰፋሪው ግዴታውን መፈጸሙን የሚያረጋግጥበት የመጨረሻ ምስክርነት ከመሰጠቱ በፊት ማስታወቂያው ከነምስክሮቹ ስም በአካባቢው ጋዜጣ ይወጣ ነበር። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ያሰባሰባቸውን የቆዩ ጋዜጦች በነጻ መፈለግ ይቻላል።

ስሙ ፈጽሞ ካልወጣ ሰውየው መሬቱን ጀምሮ ትቶት ሊሆን ይችላል፤ ድርቅና ዕዳ ያባረራቸው ብዙ ናቸው። የእነሱ አሻራ ያለው ፋሚሊሰርች በተባለው የዘር ፍለጋ ድረ ገጽ በነጻ በሚገኙት የመሬት መዝገብ መጻሕፍት ውስጥ ነው። የተሰረዘ ማመልከቻም ፋይል አለው።

ለልጆቻችሁ ስታወሩ መሬቱ ባዶ እንዳልነበረ ንገሯቸው። ቼሪ ካውንቲ የላኮታ ሕዝብ ምድር ነበረ፤ ለሰፋሪ የታደለው እነሱ ከተገፉ በኋላ ነው። ይህ ካልተነገረ ታሪኩ ጎደሎ ነው።

ፍለጋችሁ ቴክሳስ፣ ኬንታኪ፣ ቴነሲ ወይም ከመጀመሪያዎቹ 13 ስቴቶች አንዱ ከሆነ የፌዴራሉ ድረ ገጽ ላይ ጊዜ አታጥፉ። እዚያ መሬቱን የሰጠው ስቴቱ ራሱ ስለሆነ መዝገቡ በስቴቱ ቤተ መዛግብት ነው። ቴክሳስና ቨርጂኒያ የየራሳቸውን በኢንተርኔት አውጥተዋል።