ለደጋም ለቆላም፦ ለቤትዎ የሚስማማ የውስጥ ዲዛይን ስታይል እንዴት ይመርጣሉ?

ከደብረ ብርሃን ተነስተው ጣርማበርን አልፈው ሸዋ ሮቢት ለመግባት መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ገደማ። አንዱ ጋ ማታ ጋቢ ተደርቦ ይቀመጣል፤ ሌላው ጋ በርና መስኮት ተከፍቶ ነፋስ ይጠበቃል። ሁለቱም ከተማ ሳሎን ቢገቡ ግን ብዙ ጊዜ የሚያገኙት አንድ ነው፦ የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ፣ ግራጫ ሶፋ፣ ግድግዳውን የያዘ ቡፌ፣ ነጭ አምፖል። ይሄ ያሳዝነኛል። ብዙ ብር ወጥቶበት የማይሞቅ ወይም የማይቀዘቅዝ ቤት ይሆናል። ስለዚህ ከስልክ ላይ ምስል ከማየትዎ በፊት የቤትዎን አየርና የቤተሰብዎን ኑሮ ይመልከቱ። እንዲህ ይጀምሩ።

1. ኑሮዎን በወረቀት ይጻፉ

ቡና የት ይፈላል? ልጆች የት ያጠናሉ? ከገጠር ዘመድ ሲመጣ የት ያድራል? ማኅበር ወይም ዝክር ሲደርስዎ ስንት ሰው ይቀመጣል? በሰሜን ሸዋ ይሄ የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ማኅበር የሚያወጣ ቤት ጠቅላላ ሳሎኑን በአንድ ከባድ ኤል ቅርጽ ሶፋ ከሞላ፣ ሰው ሲበዛ መላወሻ ይጠፋል። ለእንዲህ ያለ ቤት መለስተኛ ሶፋ፣ ግድግዳ ተከትሎ የተሠራ መደብ ከነትራሱ፣ እና ሲፈለግ የሚወጣ በርጩማ ይሻላል። አረቢያን መጅሊስም ለብዙ ሰው ይመቻል፤ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው አዛውንት ግን ዝቅ ስለሚል አንድ ሁለት ከፍ ያለ ወንበር ይጨምሩ።

2. ፀሐይዋ የት እንደምትገባ ይዩ

በጠዋት፣ በቀትርና ከሰዓት በኋላ እያንዳንዱን ክፍል ይመልከቱ። ብርዱ በሚጠናበት ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይዋ በቀትር ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ደጋ ላይ ደቡብ የሚያይ መስኮት ካለዎት ሀብት ነው። ከፊቱ ቁም ሣጥን አይገትሩበት። መቀመጫዎን ወደዚያ ያስጠጉ፤ ወፍራም መጋረጃ ይስቀሉ። ቀን ሙሉ ይክፈቱት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይዝጉት። ቆላ ላይ የሚያስቸግረው ወደ ምዕራብ የሚያየው መስኮት ነው። የከሰዓቷ ፀሐይ ቤቱን ታግለዋለች። እዚያ ላይ ነጣ ያለ መጋረጃ፣ ከውጭ ደግሞ ዳስ ወይም የዛፍ ጥላ ይረዳል።

ወለሉን አይርሱ። ሴራሚክ ከእግርዎ ሙቀት ቶሎ ስለሚስብ ይቀዘቅዛል። ለሸዋ ሮቢትና ለአጣዬ ይሄ ደስ ይላል። ለደብረ ብርሃን፣ ለመሐል ሜዳ፣ ለአንኮበር ግን ምንጣፍ ካልተነጠፈበት ማታ አያስቀምጥም። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለ ኮርኒስ ከሆነ ደግሞ ለጌጥ ከማሰብዎ በፊት ኮርኒሱን ያስገቡ። ሙቀት በላይ እያመለጠ ሶፋ መቀየር ምንም አይፈይድም።

አንድ ነገር ከልቤ ልለምንዎት፦ ብርድ ነው ብለው በር ዘግተው ከሰል አያንዱ። የከሰል ጭስ ባይታይም፣ ባይሸትም ይገድላል። ቡና የሚፈላበትን ቦታ ሲመርጡ ሊከፈት የሚችል መስኮት አጠገብ ያድርጉት፤ ሲፈላም ይክፈቱት። ከመተኛትዎ በፊት ምድጃውን ከነከሰሉ ውጭ ያውጡ።

3. አሁን ምስል ይሰብስቡ

ቲክቶክም ይሁን ፒንተረስት፣ ልብዎ የወደደውን ያስቀምጡ። ሃያ ያህል ሲሞላ ደርድረው ይዩት። ምን ይደጋገማል? እንጨት? ነጭ ግድግዳ? ብዙ ዕቃ ወይስ ባዶ ቦታ? የሚደጋገመው የእርስዎ ምርጫ ነው።

4. ስታይሎቹን ከአገርዎ አየር ጋር ያመዛዝኑ

ስካንዲኔቪያን የሚባለው በ20ኛው ክፍለ ዘመን በዴንማርክ፣ በስዊድን፣ በኖርዌይና በፊንላንድ የዳበረ ነው። የብርድ ወራታቸው ረጅምና ጨለማ ነው። ስለዚህ ግድግዳውን ያነጣሉ፣ ፈካ ያለ እንጨት ያበዛሉ፣ ወንበርና አልጋ ላይ ሱፍ ይደርባሉ። በእኔ ግምት ከውጭ ከመጡት ስታይሎች ለሰሜን ሸዋ ደጋ የሚቀርበው እሱ ነው። ጭቃና አቧራ ላለበት ሰፈር ግን ነጭ ሶፋ አይግዙ፤ ወይም ልብሱ ወልቆ የሚታጠብ ይሁን።

ሚኒማል ዕቃን መቀነስ ነው። ለጠባብ ኮንዶሚኒየም ጥሩ ነው። ደጋ ላይ ግን በጣም የተራቆተ ክፍል የበለጠ ቀዝቃዛ ይመስላል፣ ድምፅም ያስተጋባል።

መስታወት፣ ብረትና ቀጥ ያለ መስመር የሚበዛበት ዘመናዊ ስታይል ለቆላ ይስማማል። ለማጽዳትም ይቀላል።

ባህላዊ ስታይል ሲባል ብዙ ሰው መሶብ፣ ሙዳይና ጋሻ ግድግዳ ሙሉ መደርደር ይመስለዋል። ያ ቤቱን ሱቅ ያስመስለዋል። በየቀኑ የሚጠቀሙበትን ነገር ያስቀድሙ። እንጀራ የሚቀርብበት መሶብ፣ የሚቀመጡበት ዱካ፣ ቡና የሚፈላበት ረከቦት ቦታቸውን ካገኙ ሌላ ጌጥ ብዙም አያስፈልግም። ሁለት ስታይል ማዋሃድም ነውር የለውም። ሦስት ሲሆን ግን ዓይን ያደክማል።

5. ሁሉንም የሚመራ አንድ ዕቃ ይምረጡ

ይሄኛው ደረጃ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። አንድ የሚወዱት ዕቃ ይያዙና ቀለሙንም እንጨቱንም ከእሱ ይቅዱ። እዚህ አካባቢ ላለ ሰው የእኔ ምክር ባና ነው፤ ከበግ ፀጉር የሚሸመነው ወፍራም ብርድ ልብስ። የመንዝ በግ ፀጉሩ ሻካራና ረጅም ነው፤ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ነጭ ይሆናል። ፀጉሩ ተፈትሎ ሲሸመን ያለ ምንም ቀለም ራሱ ውበት አለው። ገበያ ላይ ሲያገኙት ዘርግተው ብርሃን ላይ ይዩት። ጥቁር የሚመስለው ቀርበው ሲያዩት ውስጡ ቡናማ ክር፣ አልፎ አልፎም ነጭ ፀጉር አለበት። እነዚያን ሦስት ቀለሞች ወደ ክፍሉ ያምጡ፦ ግድግዳው ክሬም፣ እንጨቱና መጋረጃው ቡናማ፣ ጥቁሩ በትንሹ የስዕል ፍሬም ወይም የመብራት እግር ላይ። የዲዛይን ባለሙያዎች ዋናው ቀለም 60፣ ሁለተኛው 30፣ ማድመቂያው 10 በመቶ ይሁን ይላሉ። ሜትር ይዘው መለካት የለብዎትም፤ መጠኑን በዓይንዎ ይያዙት።

ባናውን ሶፋ ላይ መጣል፣ አልጋ እግርጌ ማንጠፍ፣ ወይም በቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ መስቀል ይቻላል። ደግሞ ለቡና ቤተሰብ ሌላ ጥቅም አለው። ፍም ቢወድቅበት ሱፍ ይጠቁራል እንጂ በቀላሉ አይያያዝም። የፖሊስተር ምንጣፍ ግን ይቀልጣል። ሱፉ ሰውነት ይኮሰኩሳል የሚሉ ካሉ በሥሩ ነጠላ ወይም ቀጭን አንሶላ ያድርጉ።

ለቆላ ቤት መሪው ዕቃ ቀለል ያለ የጥጥ ሽመና ቢሆን ይሻላል።

6. ቀለሙንና መብራቱን ይሞክሩ

ጋሎን ሙሉ ከመግዛትዎ በፊት ትንሿን ቆርቆሮ ይግዙ። ግድግዳው ላይ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ይቀቡና ጠዋትም ማታም ይዩት። ማታ መብራት ሲበራ ክሬሙ አመድ ከመሰለ ጥፋቱ የአምፖሉ ሊሆን ይችላል። የኤልኢዲ ካርቶን ላይ 6500 ኬልቪን የሚል ነጭ ሰማያዊ ብርሃን ነው። 2700 ወይም 3000 የሚለው ሞቅ ያለ ቢጫ ነው። ለደጋ ሳሎንና መኝታ ቤት ሁለተኛውን ይውሰዱ። ለኩሽናና ለጥናት ጠረጴዛ ነጩ ይሁን።

7. ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይግዙ

ቅደም ተከተሉ ኮርኒስና ቀለም፣ መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ መብራት፣ ከዚያ የቤት ዕቃ ነው። ሶፋ ከማዘዝዎ በፊት ልኩን ወለሉ ላይ በኖራ ወይም በፕላስተር ይሳሉትና በዙሪያው ይመላለሱ። ሰው በደንብ ለማለፍ ቢያንስ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ይፈልጋል። ተከራይ ከሆኑ ግድግዳ አይብሱ፤ ሲለቁ ይዘውት በሚሄዱት ላይ ገንዘብዎን ያውሉ፦ ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ የጠረጴዛ መብራት።

ባና ከገዙ ደግሞ ከብል ይጠብቁት። ብል ጨለማና ተጣጥፎ የቆየ ሱፍ ይወዳል። በየጊዜው ያውጡት፣ በደንብ ያራግፉት፣ ፀሐይ ላይ ገልብጠው ያስጡት። ክረምት ሲገባ እርጥበት እንዳለበት ሣጥን ውስጥ አያስገቡት፤ በደንብ ይድረቅና ከዚያ ይጠፍ።