ዳንቴል ላይ ጉብ ጉብ ያለ ጌጥ ስንሠራ የምንሳሳተው የት ላይ ነው?

እኛ ቤት የነበረው ዳንቴል ሁሉ ጠፍጣፋ ነበር። የሶፋው፣ የጠረጴዛው፣ የቴሌቪዥኑ ሳይቀር። ለዚህ ይሆናል ኪሮሽ መያዝ የቻልን ሰዎች ጉብ ጉብ ያለውን ጌጥ፣ ማለት ፈንዲሻውን፣ ቦብሉን፣ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነውን፣ ስናይ “ይሄማ ምን አላት” ብለን ዘው የምንለው። እኔም ዘው ብዬ የመጀመሪያዋን የትራስ ልብስ ሦስቴ ፈትቻታለሁ።

ሦስቴ ያስፈታኝ አንድ ነገር ነው፦ ጉብታ የሚታየው አጠገቡ ሜዳ ሲኖር ነው። ቦብል ምንድን ነው? ክሩን አንዴ ጠምጥመን የምንሠራውን ረጅም ቋሚ አምስት ጊዜ በአንድ ቀዳዳ ውስጥ ሳንጨርስ እንጀምርና፣ መጨረሻ ላይ ኪሮሹ ላይ የተደረደሩትን ቀለበቶች በሙሉ በአንድ ጊዜ ስበን እንዘጋዋለን። አሁን ግራና ቀኙም ረጅም ቋሚ ከሆነ ቦብሉ ቀጥ ብሎ መቆሚያ ቦታ ስላገኘ ዝም ብሎ ይተኛል። ግራና ቀኙን ክሩን ሳንጠመጥም በምንሠራው በአጭሩ ቋሚ ስትሠሩት ግን ረጅሙ አጭር ቦታ ውስጥ ይጣበቅና መሄጃ ሲያጣ ጎብጦ ይወጣል። ምስጢሩ ይኸው ነው። ስለዚህ ቦብል በቦብል ላይ አትደርድሩ፣ መሃል መሃሉ ላይ ሁለት ሦስት አጭር ቋሚ ጣል አድርጉበት።

ሁለተኛው፣ ብዙ ሰው የሚናደድበት፣ ጉብታው በጀርባ በኩል መውጣቱ ነው። እጃችሁ አልተሳሳተም። ቦብል በባሕርይው ከእናንተ ርቆ ወደ ወዲያኛው ነው የሚወጣው። ስለዚህ የሚሠራው ጨርቁን ገልብጣችሁ ጀርባው ወደ እናንተ ባለበት ረድፍ ላይ ነው። ፈንዲሻው ይለያል። እሱ አምስቱም ቋሚ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ኪሮሹን ከቀለበቱ አውጥታችሁ፣ የመጀመሪያው ቋሚ አናት ላይ ከፊት ወደ ኋላ ትሰኩና ያንን የተለቀቀ ቀለበት ጎትታችሁ ታሳልፉታላችሁ። ከፊት ከሰካችሁ ወደ እናንተ ይወጣል፣ ከኋላ ከሰካችሁ ወደ ወዲያ። ቀለበቱን ስትለቁ እንዳይተረተር ትንሽ ረዘም አድርጉት።

ሦስተኛ፣ አለመቁጠር። ጉብታው የቱንም ያህል ቢወፍር አንድ ነው፣ አምስት አይደለም። አንዳንዱ አሠራር ጉብታውን በአንድ ሰንሰለት ይዘጋዋል፤ ቀጣዩ ረድፍ ላይ እዚያ ሰንሰለት ላይም፣ ጉብታው አናት ላይም ከሠራችሁ ጨርቁ ሳታውቁት እየሰፋ ይሄዳል። አሰልቺ ነው ግን በየረድፉ ቁጠሩ።

ሹሩባውን በተመለከተ፣ እዚህ ኪሮሹ የሚገባው አናቱ ላይ ሳይሆን የታችኛውን ረድፍ ቋሚ ወገቡን ዞሮ ነው። በመነሻው ሰንሰለት ላይ ወዲያው ልጀምር ማለት አይሆንም፤ መጀመሪያ የሚታቀፍ ወገብ ያስፈልጋል፣ አንድ ሙሉ ረድፍ ረጅም ቋሚ ሥሩ። ከዚያ ጨርቁን ስትገለብጡ እቅፉም ይገለበጣል፦ በፊቱ ረድፍ ከፊት፣ በጀርባው ረድፍ ከኋላ። ይህን የረሳ ሰው ግማሹ መስመር ወጥቶ ግማሹ ይሰምጥበታል። ለመጎንጎን ሁለት ቋሚ ዘላችሁ ቀጣዮቹን ሁለት ሠርታችሁ ወደ ዘለላችኋቸው ስትመለሱ ክሩ ከጠበቀ ቀዳዳ ይፈጠራል፤ ያኔ ክሩን ሁለቴ ጠምጥማችሁ ቋሚውን አስረዝሙት። ደግሞ ሹሩባ ጨርቁን ይሰበስበዋል። ሻርፕ አስባችሁ ቀበቶ እንዳይወጣላችሁ በትንሽ ቁራጭ ሞክራችሁ ለኩ።

ከዩቲዩብ ለምትማሩ፦ እንግሊዝና አሜሪካ ቃላቸው አይገጥምም። አሜሪካኖቹ ሲንግል ክሮሼ የሚሉትን አጭሩን ቋሚ እንግሊዞቹ ደብል ክሮሼ ይሉታል። የእንግሊዙን በአሜሪካኛ ካነበባችሁት ሜዳ መሆን የነበረበት ረጅም ይሆንና ጉብታው ይሞታል፤ ያው መጀመሪያ ያልኩት ጣጣ። መለያው ቀላል ነው፣ ሲንግል ክሮሼ የሚል ካያችሁ አሜሪካኛ ነው።

ክር ላይ ብዙ አላወራም። ፀጉራም ክር፣ ጥቁር ክር፣ ዝንጉርጉር ክር ድካማችሁን ይደብቁባችኋል። ለስላሳ፣ ፈካ ያለ፣ አንድ ቀለም ያዙ። ጉብታ ክር በላተኛ ስለሆነ ጠፍጣፋ ስትሠሩ ከለመዳችሁት አብልጣችሁ፣ በአንድ ጊዜ ግዙ። ሲያልቅባችሁ መርካቶ ተመልሳችሁ “ያው ቀለም ነው” የሚባለው ቤት ስትገቡ ያው አይሆንም።

የመጨረሻው ካውያ ነው። በተለይ አክሪሊክ ክር ላይ ትኩስ ካውያ ካረፈበት ክሩ ላላ ብሎ ይተኛል፣ ከዚያ ወዲያ አይነሳም። አርጥባችሁ ፎጣ ላይ ዘርጉት፣ ጠርዙን በመርፌ ወጥሩት፣ እርጥብ እንዳለ እያንዳንዱን ጉብታ ከኋላ በጣታችሁ ገፋ ገፋ አድርጉና እስኪደርቅ ተዉት። ያቺ ሦስቴ የፈታኋት የትራስ ልብስ በአራተኛው አምራ ወጥታ ነበር። እንግዳ ሊመጣ ነው ተብሎ እኔ በሌለሁበት በፍቅር ተተኮሰችልኝ። አሁን ጠፍጣፋ ናት፣ እንደ ሶፋው ዳንቴል።