የጽሑፍንና የጀርባን ቀለም ነጣጥሎ መወሰን፦ በሲኤስኤስ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በጀማሪዎችም ሆነ ብዙ ዓመት በሠሩ ባለሙያዎች የሲኤስኤስ (የድረ ገጽን መልክ የሚወስነው ቋንቋ) ፋይል ውስጥ እየደጋገመ የሚገጥመኝ ስህተት የጽሑፉን ቀለም ብቻ ወስኖ የጀርባውን ለብራውዘሩ መተው ነው። ሠሪው ለገጹ ጥቁር የጽሑፍ ቀለም ይሰጣል፤ ጀርባው በራሱ ስክሪን ላይ ነጭ ሆኖ ስለሚታየውም ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ያንን ነጭ ብራውዘሩ እንጂ እርሱ አልመረጠውም። ዓይኑ ደማቅ ብርሃን የማይችል አንባቢ በብራውዘሩ ቅንብር የጀርባውን ቀለም ጥቁር፣ የጽሑፉን ነጭ አድርጎ ከሆነ፣ የሠሪው ጥቁር ጽሑፍ በአንባቢው ጥቁር ጀርባ ላይ ያርፍና ገጹ ባዶ መስሎ ይታያል። የሚጎዳው እንግዲህ ማንበብ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው የድረ ገጽ ይዘት ተደራሽነት መመሪያ 2.0 ጋር የተያያዙት የአሠራር ሰነዶችም ይህንኑ መመሪያውን እንደ መጣስ ይቆጥሩታል። ሁለቱንም ቀለሞች በአንድ ደንብ ውስጥ አብረው ይጻፉ፤ አለዚያ ሁለቱንም ይተዉ፤ አንባቢው የመረጠው ጥንድ ሳይፈርስ ይቀርለታል።

ተመሳሳዩ ጥፋት በቅጽ መሙያ ሳጥኖች ላይ ይብሳል፤ ምክንያቱም ብራውዘሩ ለእነርሱ የራሱን ቀለሞች ስለሚሰጥ የገጹን የጽሑፍ ቀለም አይወርሱም። ገጹ ዳርክ ሞድን (ጨለማውን ገጽታ) እንደሚደግፍ ባስታወቀበት፣ ለሳጥኑ ግን ነጭ ጀርባ ብቻ በተጻፈበት አንድ የምዝገባ ቅጽ ላይ ተጠቃሚዎች «ሳጥኑ አያስጽፍም» እያሉ አቤቱታ ሲያቀርቡ አይቻለሁ። ፊደሎቹ ይገቡ ነበር፤ ብራውዘሩ ለጨለማው ገጽታ ነጭ ስላደረጋቸው በነጩ ላይ አልታዩም እንጂ።

የጽሑፍ ቀለም ከወላጁ፣ ማለትም ክፍሉን በውስጡ ከያዘው የገጹ ክፍል፣ ይወረሳል፤ ጀርባ ግን አይወረስም፣ ካልተወሰነ ግልጽ ሆኖ ከሥሩ ያለውን ያሳያል። ስለዚህ በወላጁ ጥቁር ጀርባ ተማምኖ ነጭ ጽሑፍ ብቻ የተሰጠው ክፍል፣ ሌላ ባለሙያ የወላጁን ቀለም በለወጠ ዕለት የማይነበብ ይሆናል።

ከጽሑፍ ጀርባ ምስል ሲያስቀምጡ፣ ምስሉ ሳይጫን ቢቀር ጽሑፉ እንዲነበብ ከምስሉ ጋር የሚቀራረብ የጀርባ ቀለም አብረው ይስጡ፤ የጀርባ ቅንብሮችን ሁሉ በአንድ መስመር በሚያስጽፈው «background» በተባለው አጭር አጻጻፍ ምስሉን ብቻ መጥቀስም ቀድሞ የተሰጠውን ቀለም ወደ ግልጽነት እንደሚመልሰው ልብ ይበሉ።

ሊንኮችን መርሳትም የተለመደ ነው። የገጹን ግርጌ ጥቁር፣ ጽሑፉን ነጭ አድርገው ሊንኮቹን ከተዉ፣ የተለመደው የብራውዘር ሰማያዊ በጥቁሩ ላይ የሚኖረው ንፅፅር (የጽሑፉና የጀርባው የብርሃን ልዩነት) 2.2 ለ1 ገደማ ብቻ ነው፤ የተጎበኘ ሊንክ ሐምራዊ ደግሞ 2 ለ1 እንኳ አይሞላም፤ ለመደበኛ ጽሑፍ የሚጠየቀው ግን ቢያንስ 4.5 ለ1 ነው።