የወንዝ ሸለቆን የመሬት አጠቃቀም በእግር ተጉዞ መመዝገብ

የእንጦጦ ጋራ የዓባይንና የአዋሽን ተፋሰሶች የሚለይ ሲሆን፣ ከደቡባዊ ገጹ የሚነሡት እንደ ቀበና ያሉ ወንዞች ከተማዋን አቋርጠው ከአቃቂ ጋር ይቀላቀላሉ። ከእነዚህ ሸለቆዎች የአንዱን የመሬት አጠቃቀም ለመመዝገብ የሚነሣ ሰው ወንዙን ተከትሎ ከመውረድ ይልቅ ከአንዱ አፋፍ ተነሥቶ፣ ወንዙን ተሻግሮ እስከ ማዶው አፋፍ ቢሄድ ይሻላል፤ አጠቃቀሙ ጎልቶ የሚለዋወጠው ከአፋፍ እስከ ወንዝ ዳር ባለው ቁልቁለት ላይ ነውና። ለሥራው ጥቅምትና ኅዳር ይስማማሉ፤ መንገዱ ደርቋል፣ የክረምቱ ምልክትም ገና አልጠፋም።

አስቀድመው 100 ሜትር በሜትር ለክተው ስንት እርምጃ እንደሚሆን ይቁጠሩ። በዳገት ላይ እርምጃ ስለሚያጥር እዚያም ደግመው ይቁጠሩ። ከዚያ በኋላ አጠቃቀሙ በተለወጠበት ሁሉ ቆመው እርምጃውንና ያዩትን ይጻፉ።

ከላይ የሚበዛው በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። «ደን» ብሎ ማለፍ ግን አይበቃም፤ ጉቶውን ጎንበስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ከአንድ ጉቶ ብዙ ቀንበጥ ከወጣ ዛፉ ተቆርጦ ያቆጠቆጠ ነው፤ ቅጠሉ ሰፊና አመድማ ከሆነ ቡቃያው ገና ለጋ ነው፣ እንደ ማጭድ ረዝሞ ከቆለመመ ግን ከቆረጣው በኋላ ዓመታት አልፈዋል ማለት ነው። ለማገዶ ቅጠሉ ተጠርጎ አፈሩ የተራቆተበትን ቦታ ለብቻው ምልክት ያድርጉበት፤ ቦረቦር የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ነው። ጽድና ወይራ በገደል አፋፍና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ይፈለጋሉ። በ2013 ዓ.ም. እንደተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ያለ ቦታ ካጋጠመ፣ ዛፍ ቢኖረውም «መዝናኛ» ተብሎ ይመዝገብ።

ከወንዙ ዳር የጎመንና የሰላጣ መደብ ሲገኝ ውሃው በቦይ ይምጣ ወይም በሞተር ይሳብ ይጻፉ። ጎርፉ እስከ የት እንደደረሰ ለማወቅ በቁጥቋጦዎቹ ላይ የተንጠለጠለውን ፌስታል ይመልከቱ፤ ከፍተኛውን ከመሬት ለክተው ከመደቡ ከፍታ ጋር ያነጻጽሩ።

በከተማው ዳርቻ ወረቀትና ሜትር የያዘ እንግዳ «መሬት ለኪ መጣ» ያሰኛል፣ ሥጋቱም አይፈረድበትም። ስለዚህ ማሳ ከመግባትዎ በፊት ሰላምታ ሰጥተው ሥራዎን ያስረዱ፤ ባለቤቱ ካልፈቀደ ከመንገዱ ላይ የሚታየውን ብቻ ይመዝግቡ።