የጥጥ ተባይ ሕዝቡን ስንት ያስወጣል? እኔ የማሰላው እንዲህ ነው

የጥጥ ተባይ መከላከል ስንት ያስወጣል ሲባል ሁሉም የሚጠራው የኬሚካሉን ዋጋ ነው። እኔም ሥራውን ስጀምር እሱን ብቻ ነበር የምደምረው። አሁን ደብተሬን ለሁለት እከፍላለሁ። በግራ ገበሬው ከኪሱ ያወጣው፣ በቀኝ ሌላው ሕዝብ የከፈለው።

ለቀኙ ገጽ መጀመሪያ የመንግሥትን በጀት ያዙ፦ ድጎማ፣ የተተወ ቀረጥ፣ ማሳ እየዞሩ ተባይ የሚያስሱ ሠራተኞች ደመወዝ፣ ምርምር፣ የኬሚካል ቁጥጥር። ድጎማ ላይ ተጠንቀቁ። አንዴ የኬሚካሉን ሙሉ ዋጋ በግራ ጽፌ ድጎማውን በቀኝ ደገምኩት፤ ሪፖርቱን እንደ አዲስ ሠራሁ።

ቀጥሎ በጀት ላይ የማይታየው ይመጣል። የረጪዎች ሕክምና፣ የሞቱ ንቦች፣ የተበከለ ውሃ፣ ጊዜው ያለፈበት ኬሚካል ማስወገጃ። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ "በኬሚካል የተመረዘ አለ?" ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። መዝገቡ ላይ ራስ ምታት ወይም ማስታወክ ተብሎ አልፎ ሊሆን ይችላል። የርጭቱን ቀናት ይዛችሁ ከመዝገቡ ጋር አስተያዩ። አድካሚ ነው፣ ግን አትዝለሉት።

በጣም የሚረሳው ደግሞ ተባዩ መድኃኒቱን መልመዱ ነው። አንድ ዓይነት ኬሚካል ሲደጋገም፣ ከርጭት የተረፈው ጓይ ትል (የጥጥ ፍሬ የሚበላው ትል) ይራባል፤ ዘሩም ይቋቋመዋል። አድጎ ክንፍ ሲያወጣ ጎረቤት ማሳ ይገባል። ርጭቱ ተባይ በል ነፍሳትንም ስለሚጨርስ ነጭ ዝንብና ክሽክሽ ይበዛሉ። እነሱ የሚጥሉት ጣፋጭ ፈሳሽ ጥጡን ያጣብቀዋል፣ የፈትል ፋብሪካውን ማሽን ሳይቀር ያስቸግራል። አንዱ ረጭቶ ሌላው የሚከፍለው ይህ ሁሉ በቀኝ ይጻፍ።

የሕዝብ ወጪ ሁሉ ኪሳራ ነው ማለቴ አይደለም። ለምሳሌ የጥጥ ነቀዝ፣ የጥጥ እምቡጥና ፍሬ የሚያጠቃ ጥንዚዛ፣ በ1892 ገደማ ከሜክሲኮ ወደ ቴክሳስ ገባ። አሜሪካ ከ1978 ጀምሮ ገበሬውና መንግሥት ወጪ ተጋርተው ከአብዛኛው የአገሪቱ የጥጥ መሬት አጠፉት። ሮዝ ጓይ ትልም በ2018 ከጥጥ አምራች ክልሎቿ መጥፋቱ ታወጀ፤ ትሉን የሚቋቋም ጥጥ ዘርተው፣ ትሉ አድጎ የሚሆነውን የእሳት ራት መካን አድርገው፣ ዘር እንዳይተካ ከአየር ለቀው ነው። ስለዚህ ምንም ባይደረግ ይጠፋ የነበረውን ምርትም ገምቱና ከድምሩ ጎን አስቀምጡ።

ዋጋ ያላገኛችሁለትን ነገር፣ ለምሳሌ ንቦቹን፣ ዜሮ አትበሉት። "አልተገመተም" ብላችሁ ጻፉ። ዜሮ ካላችሁ በጀት የሚመድበው ሰው ጉዳት የለም ብሎ ያልፈዋል።